የአባታችን መታሰቢያ ዛፍ

አባታችን ባረፉ በዓመቱ፥ አዲግራት ባለው ቤታችን ደጃፍ የመታሰቢያ ዛፍ ልንተክልላቸው አሰብን። አገሩ ደጋ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ስለዚህ ብርድ የሚችል፥ ቅጠሉም ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ዛፍ መምረጥ ግድ ሆነብን።

እኛ ባሕር ዛፍን ወደድን፤ ፈጥኖ ያድጋልና፥ እናታችን በሕይወት ሳሉ ከጥላው ሥር እንዲቀመጡ ተመኘን። ይሁን እንጂ ውሃ አብዝቶ ስለሚስብ አጠገቡ ያለውን አትክልት ያቀጭጫል። እናታችንም «ጽሕዲ ትከሉላቸው» አሉን። ይህም በአማርኛ ጽድ የሚባለው፥ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሚታየው የአገራችን ዛፍ ነው። እንጨቱን ምስጥ በቀላሉ አይበላውም፤ ዕድገቱ ግን አዝጋሚ ነው።

«አደይ፥ ጥላው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ እኔስ በልጅነቴ የተጠለልሁበትን ጽሕዲ ማን እንደ ተከለው አውቃለሁን?» ሲሉ መለሱልን።

ቁመቱ 30 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ከግድግዳው አርቀን፥ ክረምት ሲገባ ተከልነው። ችግኙ ዛሬም ከጉልበታችን አይበልጥም። እናታችን ግን በበጋ ማለዳ ማለዳ ውሃ ያጠጡታል፤ ሲያጠጡትም አባታችንን በስማቸው ይጠሯቸዋል።