የተሰበረው መስተዋት

የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ በአንድ የሐምሌ ቀን በግቢያችን በወንጭፍ ስጫወት የአያቴን ክፍል የመስኮት መስተዋት ሰበርሁ። ያ መስኮት የማይከፈት ነበረ፤ መስተዋቱ በእንጨት ክፈፍ ውስጥ ተጣብቆ የተቀመጠ ሆኖ፥ ለአያቴ ብርሃን የሚገባላቸው በእርሱ ብቻ ነበር። እኔም ፈርቼ ወንጭፉን በእንጨት ክምር ውስጥ ሸሸግሁ። ማታ አባቴ በመጡ ጊዜ፥ «በረዶ ሰበረው» አልኋቸው። በዚያ ቀን በእውነት በረዶ ዘንቦ ነበርና ውሸቴ እውነት መሰለ።

ቀዳዳው በጆንያ ተደፈነ። ነገር ግን ነፋሱ ጆንያውን እየገፋ ገባ፤ አያቴም ሌሊቱን ሁሉ ሲያስሉ አደሩ። ልጆች ሆይ፥ ያን ሳል ከግድግዳው ማዶ ተኝቼ ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ አባቴ፥ «ና አግዘኝ» አሉኝ። እጃቸውንም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ስባሪውን ከላይ ጀምረው ወደ ታች ነቀሉ፤ ከታች የጀመረ ሰው የላዩ ስባሪ በእጁ ላይ ይወድቅበታልና። ከአልጋው ሥር ሲጠርጉ ግን አንድ ክብ ጠጠር አገኙ። አይተው ዝም አሉ፤ አንሥተውም በውጭ በኩል በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት። በረዶስ ቢሆን ሲነጋ አይገኝም ነበር።

ከዚያም በውጭ ቆመን ሠራን። አባቴ አሮጌውን ስቱኮ በመሮ ፈቀፈቁ፥ ትንንሾቹንም ምስማሮች ነቀሉ። ክፈፉን በሦስት ስፍራ ለኩ፤ አሮጌ እንጨት ይጣመማልና አንድ ልክ አይበቃም። ባለሱቁም 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን መስተዋት፥ በወርዱም በቁመቱም ከልኩ 3 ሚሊሜትር አሳንሶ በአልማዝ ቈረጠልን፤ ይህም እንጨቱ በዝናብ ሲያብጥ መስተዋቱን እንዳይሰብረው ነው። ስቱኮውን አባቴ ራሳቸው ከጠመኔ ዱቄትና ከተልባ ዘይት ለወሱት፤ እኔም እንደ ሊጥ አሸሁት። ሽታው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። እንጨቱ እስኪደርቅ ጠብቀን አስቀድመን ዘይት ቀባነው፤ ያለዚያ የስቱኮውን ዘይት ይመጥጠዋል። መስተዋቱንም መካከሉን ሳይሆን ዳርዳሩን ብቻ ተጭነን አስቀመጥነው፥ በምስማርም ያዝነው። በላዩም አባቴ ስቱኮውን፥ የዝናቡን ውኃ እንዲያወርድ በቢላዋ አዘንብለው አስተካከሉት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ያ ጠጠር በፊቴ ነበረ። አባቴ ስለ እርሱ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻም ቢላዋውን ሲጠርጉ፥ «አባባ፥ በረዶ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኋቸው።

እርሳቸውም፥ «ለእኔ ብቻ መንገርህ አይበቃም፤ የበረዳቸው አያትህን ነው» አሉኝ።

ገብቼ ለአያቴ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «አንተም ሌሊቱን አልተኛህም፤ ስትገላበጥ ሰምቼሃለሁ» አሉኝ።

ስቱኮው ጠንክሮ ቀለም እስኪቀባ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ቈየን። የቀባሁትም እኔ ነበርሁ፤ አያቴም ከውስጥ ሆነው የቀረኝን ስፍራ በመስተዋቱ ላይ በጣታቸው ያመለክቱኝ ነበር።