ጥያቄ አለ?

ውጤቱ የተነገረ ሰሞን የሰፈራችን ሰው ሁሉ ዳኛ ሆኖ ነበር። ወላጅ ስልክን ይከሳል፤ ልጁ ስልክ የሌለው ደግሞ መምህሩን ይከሳል፤ መምህራኑም በበኩላቸው «የታችኛው ክፍል አበላሽቶ ላከብን» ይላሉ። እኛ የነገሩ ባለቤቶች ግን ዝም አልን። ዝምታውንማ ከለመድነው ቆይተናል። የዚህች ጽሑፍ ነገርም እሱው ነው።

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስዶ፣ ስልክ ተከልክሎ የተሰጠው በዚያው ዓመት ጥቅምት ነበር። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ፈተና 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4። ከእኛ ት/ቤት አንድም ሰው ግማሹን አላለፈም፤ እንዲህ ያለው ት/ቤት በአገሪቱ ከ1,000 በላይ ነበርና ብቻችንን አላፈርንም። እኛም ሦስታችን እዚህ የገባነው በሬሜዲያል በር ነው፤ የዶርም ልጆች ሲቀልዱብን ሰምታችሁ ይሆናል።

«ኩረጃ ስለ ቀረ ነው» የሚሉ አሉ። ውሸት አይደለም። አጤሬራ መጻፍ ያወቅነው ድርሰት መጻፍ ሳናውቅ ነው። ታዲያ ኩረጃውስ ከየት መጣ?

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ 72 ነበርን፤ በአንድ ዴስክ አራት። እስከ ስምንተኛ በአማርኛ የተማርነው ሳይንስ በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀን። ሰኔ ላይ «ግፊት» ያልነው መስከረም ላይ «ፕሬሸር» ሆነ። ግድግዳው ላይ አሮጌ ፕላዝማ ተሰቅሏል፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሳተላይት ትምህርት ያመጣል ተብሎ የገባው ዓይነት። እኛ የደረስነው የዝንብ ማረፊያ ከሆነ በኋላ ነው። ታላላቆቻችን እንደሚሉት፣ ሲሠራም ጥያቄ አይቀበልም ነበር።

የፊዚክስ መምህራችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠመኔ ሲጠፋ ከኪሳቸው የሚገዙ ሰው ናቸው። ሰሌዳውን ከዳር እዳር ይሞሉታል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ በመጨረሻ «ጥያቄ አለ?» ይላሉ፣ በአንድ ድምፅ «የለም!» እንላለን፤ ደውል። አንድ ቀን ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ኢነርሽያ በአማርኛ ምንድን ነው?» አለች። ፊታቸው ልውጥ አለ። አንዴ የጻፉትን አዩ፣ አንዴ ልጅቷን። «ፈተና ላይ በአማርኛ አይመጣልሽም» አሉ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኛም ሳቅን። ኧረ እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ ሳቅን፤ እኛም አላወቅነውማ! ከዚያ ወዲያ እስከ 12ኛ ድረስ ያቺ ልጅ እጇን ስታወጣ አላየናትም። ሌላውም አላወጣም።

ዛሬ ስናስበው ነገሩ ስምምነት ነበር። እኛ የእሳቸውን አለማወቅ አንነካም፣ እሳቸውም የእኛን አይነኩም። ፈተና ሲደርስ ሁላችንንም የሚያድነን ኩረጃ ነው፤ ካርድ ላይ 70 ይጻፋል፣ አባት ደስ ብሎት ይፈርማል። ችግሩ ይህ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። በ2012 ኮሮና ት/ቤቱን ዘግቶብናል፤ ምሳ ሳይበሉ የከሰዓት ፈረቃ መግባት ምን እንደሆነም እናውቃለን። ግን ጠግቦ የመጣውም «የለም» ነበር የሚለው።

ባለፈው ክረምት ለበጎ ፈቃድ ማጠናከሪያ ትምህርት ወደዚያችው ከተማ ተመለስን። ጠመኔው አሁን በእኛ እጅ ነው። ሰሌዳውን ሞላነው። አንድ ደቃቃ ልጅ ተነሣና «ጋሼ፣ ይሄ ኢነርሽያ የሚሉት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ዝም ብለህ ጻፈው፤ ኋላ ይገባሃል» አልነው።

ከሦስታችን ይህን ያለው ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ማናችንም ብንሆን እንለው ነበርና። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ከጎኑ ያለው ሳቀ።

ማታ ተቀምጠን በአማርኛ ልንለው ሞከርን። ፊዚክስ አልፈን ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች እኮ ነን! ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። በመጨረሻ አይሱዙ ትዝ አለን። በማግስቱ ልጁን አስነሥተን «አይሱዙ ጭነት ላይ ቆመህ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወዴት ትወድቃለህ?» አልነው።

«ወደ ፊት።»

«ለምን?»

«መኪናው ቆመ፣ እኔ ገና እየሄድኩ ነዋ!»

«እሱ ነው።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «ታዲያ መኪናው ሲነሣ ወደ ኋላ የሚጥለኝስ?» አለ።

ያን ቀን የሰሌዳው ግማሽ ባዶውን ዋለ። ደውል ሲደወል ሰባት እጆች ወጥተው ነበር። የሁለቱን ጥያቄ አላወቅነውም፤ «አናውቀውም፣ ጠይቀን ነገ እንመጣለን» ብለን ወጣን።