ማቆም ክልክል ነው

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን ከማስጨንቅባቸው ነገሮች አንዱ “ባለቤቱ ማነው? ተሳቢውስ የታለ?” የሚለው ጥያቄ ነበር። ማስተማሩን ከተውኩ በኋላ ጥያቄው ዞሮ እኔኑ ያዘኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ዳር የተተከለች አንዲት ባለ ሦስት ቃል ድርሰት አለች። “ማቆም ክልክል ነው” ትላለች። ማን ነው የሚያቆመው? ምኑን? ለስንት ደቂቃ? ድርሰቷ መልስ የላትም።

ከእሷ ጋር በደንብ የተዋወቅነው ታላቅ እህቴን ጉልበቷን ላሳክም ይዣት የወጣሁ ቀን ነው። እትዬ የመጣችው ከአዴት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የምታገኟት፣ በጤፏ የምትታወቅ ከተማ ናት። እኔም እዚያው ነው ያደግሁት። መኪናዬ ቮልስ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም፣ ጉልበቷም እንደ እትዬ ነው።

ክሊኒኩ በር ስንደርስ ድሮ መኪና የሚደረደርበት ጥግ የለም። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ አበባና መብራት ተተክቷል። ለአንዲት ደቂቃ ብዬ ጠጋ ከማለቴ ፊሽካ ተነፋ።

“አባት፣ እዚህ አይቻልም” አለኝ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት።

“በሽተኛ ይዤ ነው እኮ፣ ልጄ።”

“ገብቶኛል። ግን አይቻልም።”

ልጁ ክፉ አይደለም። እትዬን ክንዷን ደግፎ አወረደልኝና “በሉ ቶሎ ያንሱት” አለኝ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ወደላይም ወደታችም ቃኘችው። “አንተ፣ ይኸን ሁሉ አሳምረው ሲሠሩ ማሰሪያ አጡለት?” አለችኝ።

ማሰሪያ ማለቷ የበቅሎ ነው። በልጅነታችን አዴት የገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣ ባለበቅሎ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ማሰሪያውን ነበር። ዘመድ ያለው ዘመዱ ግቢ ያስራል። የሌለው ጠላ ቤት ጎራ ይልና በጠጣበት ደጅ በቅሎዋ ስትጠበቅ ትውላለች። ለእኛ ለልጆቹ ደግሞ ዓይናችንን ከኮርቻው እንዳንነቅል ሳንቲም ጣል ይደረግልናል። ገበያው መሀል በቅሎ ይዞ የሚገባ ግን አልነበረም፤ ገበያው የሰው ነዋ! ይህን ክልከላ ያወጣ ሹም አላውቅም። ቢሆንም ማንም ቅር ሲለው አላየሁም፤ ገበያው በቅሎዋን ሲመልሳት ጠላ ቤቱ በሩን ከፍቶ ይቀበላታላ።

እኔ የሚቀበለኝ ጠላ ቤት ፍለጋ ቮልሷን ይዤ ዞርኩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። በሦስተኛው ዙር ላይ ዶናልድ ሹፕ የሚባለው አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ትዝ አለኝ። በ2005 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለ መኪና ማቆሚያ ብቻ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ነጻ የሚመስለን ማቆሚያ ነጻ አይደለም፣ ዋጋውን መኪና የሌለውም ሰው ጭምር ይከፍለዋል ይላል። በተለያዩ ከተሞች የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦም፣ መሀል ከተማ ከሚርመሰመሰው መኪና በአማካይ 30 በመቶው ማቆሚያ ፈልጎ የሚዞር ሆኖ አግኝቶታል። እኔም ከነነዳጄ እዚያ ውስጥ ገባሁ ማለት ነው። ሰውየው ያዘዘው መድኃኒት ግን ክልከላ አልነበረም። በየመንገዱ ዳር ሁልጊዜ አንድ ሁለት ክፍት ቦታ እንዲገኝ አድርጎ ዋጋ መተመን ነበር።

በመጨረሻ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ ሰው ሰፈር ውስጥ ገብቼ፣ የማላውቀው ሰው አጥር ሥር አቆምኩ። ሳቆም አፈርኩ። ለምን ብትሉ፣ የዋናው መንገድ ማቆሚያ ከጠፋ ወዲህ የእኔም ሰፈር መኪና ወርዶበታል። ጠዋት በሬን ስከፍት የማላውቀው መኪና አፍንጫ ይጠብቀኛል። ስንቱን ረግሜያለሁ! እነሆ አሁን ተረጋሚው እኔ ሆንኩ።

ወደ ክሊኒኩ በእግሬ ተመለስኩ። እውነቱን ልናገርና፣ መንገዱ ደስ ይላል። እዚህ ጋ ድሮ መኪኖች የእግረኛውን መንገድ ወጥተው ይቆሙ ስለነበር ልጅ ያዘለች እናት አስፋልት ላይ ወርዳ ከሚኒባስ ጋር ትጋፋ ነበር። ከዚያ ከሚወጡት መኪኖች አንዷ የእኔ ቮልስ ነበረች። የከተማው ሕዝብ ከግማሽ በላዩ የሚንቀሳቀሰው በእግሩ ነው፤ መኪና ያለን ጥቂቶች ነን። በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ተብሎ በወር አንድ እሑድ ጎዳና ሲዘጋ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር እሑዱ ሰኞም ሊመጣ መሆኑ አልታየኝም ነበር።

መኪናውን ትቶ የሚወጣው ሰው በምን ይሂድ? አምስተርዳም እስከ 2025 ድረስ 11,200 የመንገድ ዳር ማቆሚያ አጠፋለሁ ብላ ያቀደችው ትራሙም አውቶቡሱም በየበሩ የሚያልፍባት ከተማ ሆና ነው። የእኛ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም በ41 ባቡሮች ጀመረ። ከዚያ በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ የቆሙባቸው ዓመታት መጡ። ያቺ ባለ ሦስት ቃል ድርሰት እነሱ ላይ በተለጠፈች ኖሮ! የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል፣ ይሁን። የኤሌክትሪኩም ቢሆን ግን ኃይል የሚሞላው ቆሞ ነው።

ማቆሚያ ጭራሽ አልተሠራም አልልም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የመስቀል አደባባይ ምድር ቤት ከ1 ሺህ በላይ መኪና ይይዛል። የእትዬ ጉልበት ግን የሚታከመው መስቀል አደባባይ አይደለም። እኔ የምለምነው ሰፊ ቦታ አይደለም። በየክሊኒኩ በር በሽተኛ ለማውረጃ የምትሆን፣ አሥር ደቂቃ የተጻፈባት አንዲት ጥግ ትበቃኛለች።

መንገድ ላይ “ጋሼ!” የሚል ድምፅ አስቆመኝ። እዚያው ጥግ ለዓመታት ደረሰኝ እየቆረጠ መኪናዬን የጠበቀልኝ ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ነበር የሚሠራው። አሁን ባልዲና ጨርቅ ይዟል። “መኪናዋስ?” አለኝ። ሩቅ እንዳቆምኳት ነገርኩት። “ማን ይጠብቃታል ታዲያ?” አለ፣ ከልቡ ተጨንቆ። ስለ ራሱ ሳልጠይቀው “ይኸው ውስጥ ለውስጥ እየዞርኩ አጥባለሁ። ሁለቱ ጓደኞቼ አገር ቤት ገቡ” አለኝ። ቮልሷ ያለችበትን ምልክት ነገርኩትና እንዲያጥባት ተስማማን። መታጠብ አላስፈለጋትም ነበር።

እትዬ ሕክምናዋን ጨርሳ አዲሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከአንዲት የማታውቃት ሴትዮ ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ ይዘዋል። መኪናው ያለበትን ርቀት ስነግራት ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገችና፣ “በል ሂድና አምጣት። እኔ ከዚህ ወንበር አልነሣም” አለችኝ።

“እዚህ ማቆም አይቻልም እኮ፣ እትዬ።”

“ታዲያ ሳታቆም እየሄድክ ጫነኝ!”