ከኮርኒሱ በላይ ያለው

ቨርጂኒያ የገዛነው ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ እዚህ አገር «ፖፕኮርን» የሚሉት ዓይነት ነበር፤ ፈንዲሻ የተለጠፈበት ይመስላል። ከሻወሩ በላይ ጠቁሯል፣ ጥግ ጥጉ ተላጦ ተንጠልጥሏል። እማዬ ልትጠይቀን ከመጣች ጀምሮ ገላዋን በታጠበች ቁጥር ፀጉሯ ላይ ፍርፋሪ ይዛ ትወጣለች። አንድ ቀን ከነጠላዋ ላይ በጣቷ አንስታ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ እየረገፈ ነው» አለችኝ።

ቅዳሜ መሰላል ተውሼ፣ መፋቂያ ይዤ ወጣሁ። አዲስ አበባ ቀለም ቀቢ የነበረ፣ እዚህም ቤት በማደስ የሚተዳደር ወዳጄ በስልክ «እንዳትነካው፣ ውረድ!» ባይለኝ ኖሮ ፍቄው ነበር። በዚያ ዘመን ኮርኒስ ላይ በሚረጨው ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ይቀላቀል ነበር። አሜሪካ ለጌጥ የሚረጨውን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ካልተነካካና ካልተላጠ ባለበት ይቀመጣል፤ በደረቁ ሲፋቅ ግን በዓይን የማይታይ ክር አየሩን ይሞላዋል። ሳንባ የገባው ክር እዚያው ይቀራል፣ በሽታው የሚገለጠውም ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። እናቴና ልጆቼ ከሥር ቆመው እኔ ያን አቧራ ላራግፍባቸው እንደነበር ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። በአሮጌ ቤት የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ሳታስመረምሩ አትፋቁ።

ባለሙያ መጥቶ ውኃ እየረጨ ከሦስት ቦታ ቆንጥሮ ወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ በሩን ዘጋነው፣ እማዬም ምድር ቤት ታጠበች። ንጹሕ ነው ተባልን።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ወለሉን ላስቲክ አለበስን፣ ለብ ያለ ውኃ ረጭተን ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ እንደ ራሰ ድርቆሽ ለስልሶ በመፋቂያው ተጠቅልሎ ወረደ። ከሻወሩ በላይ ያለው ግን እምቢ አለ። ጠርዙን ሰብረን ስናየው ሦስት እጅ ቀለም ተደራርቦበታል፤ በየንብርብሩ መካከል ጥቁር ሻጋታ አለ። ከእኛ በፊት የነበሩት በጠቆረ ቁጥር ቀብተውታል።

ወዳጄ ባትሪ ይዞ ጣሪያው ሥር ገባ። የአየር መሳቢያው ቱቦ ወደ ውጭ አይወጣም፤ እዚያው ለሙቀት በተነጠፈው ጥጥ ላይ ተጋድሟል። የስንት ዓመት እንፋሎት እዚያ ሲጠራቀም፣ ቀዝቅዞ ተመልሶ ወደ ኮርኒሱ ሲንጠባጠብ ኖሯል። ይህን ስነግራት እማዬ አልገረማትም። ያደግንበት ቤት ኮርኒሱ አቡጀዴ ነበር፤ ማድ ቤቱ ግን ለብቻው ነው፣ ከግድግዳውና ከጣሪያው መካከል ጢስ መውጫ ተትቶለት ነበር። «መውጫ ሳያበጁለት ነዋ» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ቱቦውን በጣሪያው አስወጣነው። መሳቢያውንም ለወጥነው፤ በግንባታ ደንቡ መሠረት በደቂቃ ቢያንስ 50 ኪዩቢክ ጫማ አየር መሳብ አለበት። ስቱኮውና ቀለሙ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወዳጄ ከመሄዱ በፊት አንድ ቅጠል ሶፍት ወደ መሳቢያው አስጠጋ፤ ሶፍቱ ከእጁ ተነጥቆ ልጥፍ አለ።

አሁን እማዬ ፀጉሯን አድርቃ ሳትጨርስ መስታወቱ ይጠራል።