ንጹሕ ማኛ

በአማርኛችን እንጀራ ሁለት ነው። አንዱ ከምጣድ ይወጣል፤ ሌላው ከሥራ። «እንጀራ ሆኖብኝ ነው» የሚል ሰው ስለ ጤፍ እንደማያወራ ማንም ያውቃል። የእኔ እንጀራ ባንክ ቤት ነው፤ ቀን ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ መቁጠር፣ ማታ ደግሞ ቤት አልመታ ካሉ ስንኞች ጋር መታገል። ባለፈው ጥር ይኸው እንጀራዬ ለዐሥር ቀን ሥልጠና ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። ያስጨነቀኝ ግን ያኛው፣ የምጣዱ ነበር።

ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለብኝ። በስንዴ፣ በገብስና በቅርብ ዘመዶቻቸው ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ እርሱ ሲገባ ሰውነቴ ጠላት የመጣ መስሎት የገዛ አንጀቴን ይወጋል። መድኃኒት የለውም፤ ዕድሜ ልክ መታቀብ ብቻ ነው። ጤፍ ግን ግሉተን የለበትም። ባለቤቴ ጤፉን ራሷ ታበጥራለች፣ ወፍጮ ቤት ስትደርስ ከፊቷ ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ ተሸክማው ትመለሳለች። በቤቴ ስሆን ታማሚ መሆኔን እስክረሳ ድረስ ጤነኛ ነኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። የዚህን ሕመም ምክንያት ከስንዴ ጋር ያያያዘው ቪለም ዲከ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነው። ቀድሞም ስንዴን ይጠረጥር ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረኀብ ክረምት፣ ዳቦ ከሀገሩ ሲጠፋ ጥርጣሬው በረታ። እ.ኤ.አ. በ1950 የዶክትሬት ጥናቱ አድርጎ አቀረበው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የዚያችው ሀገር አንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ብዙ አነጋገረ። አንዲት ሀገር ሕመሜንም መድኃኒቴንም ለየራሱ መዝገብ ላይ አሰፈረቻቸው ማለት ነው። እኔ ደግሞ በጤፍ ሀገር፣ በጤፍ ሀገር ዋና ከተማ፣ «ይህ እንጀራ ምንድን ነው?» እያልኩ እዞራለሁ።

ማለዳ በማረፊያዬ የቀረበልኝ ጨጨብሳ፣ ቅንጬና ዳቦ በእንቁላል ነበር። እንቁላሉን ከዳቦው ለዩልኝ አልኩና በቡና በላሁት። ለሻይ ዕረፍት ብስኩት መጣ፤ ሻዩን ጠጣሁ። ምሳ ላይ ግን ማምለጫ የለም።

«እንጀራችሁ የምን ነው?»

«ማኛ ነው!»

«ሌላ እህል አልገባበትም?»

«ንጹሕ ማኛ ነው አልኩህ እኮ!»

በሦስት ቀን አምስት ምግብ ቤት ገባሁ፤ አምስቱም ማሉልኝ። አልፈርድባቸውም። በአንድ ወቅት ጀሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ ተብሎ ከተማው ሁሉ ሲያወራ የሰማ አስተናጋጅ፣ «ምን ገብቶበታል?» ሲባል የሚሰማው ክስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። እኔ የሕመሜን እጠይቃለሁ፤ እርሱ የቤቱን ክብር ይከላከላል። ከ2013 ዓ.ም. የብር ለውጥ ወዲህ ባለ ሁለት መቶውን ኖት በጣቴ ዳስሼ፣ ወደ ብርሃን አንሥቼ ሐሰተኛውን እለያለሁ፤ የምኖረው በዚህ ነው። እንጀራን ግን ብዳስሰው፣ ዓይኑን ብቆጥረው፣ ለመስኮቱ ብርሃን ብዘረጋው የሚነግረኝ ነገር የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለወጥኩ። ሰኞ ዕለት በስድስተኛው ቤት «እንጀራውን ከየት ነው የምታመጡት?» አልኩ። አስተናጋጇ ከጀርባ ያለውን መንደር በአገጯ አመለከተችኝ።

እንጀራ የምታቀርበው ሴትዮ ጭስ በጠገበ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሁለት ምጣድ ትጋግራለች። (የእንጀራ እናት እንዳልላት ቋንቋችን ሌላ ትርጉም ሰጥቶታል።) ነገሬን እስክጨርስ ሰማችኝና አልማለችም።

«ልጄ፣ ንጹሕ ጤፍ በዚህ ዋጋ ጋግሬ ማን ይገዛኛል? ሩዝ አለበት፤ ማሽላም አለበት። ጤፉ ሲወደድ ስንዴም ገብስም ይገባል።»

ሩዝና ማሽላ አይጎዱኝም፤ በሽታዬ ድኻ የሚያደርገውን ሁሉ አይጠላም። ስንዴው ነው ችግሩ። በዚህ ከተማ በስድስት ቀን ያገኘሁት የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ግን የእርሷ ነበር፤ ተደሰትኩ ብል ያጋነንኩ አይምሰላችሁ። ባለቤቴ በሻንጣዬ ሥር የሸጎጠችውን ሦስት ኪሎ ዱቄት አነሣሁባት። አሰብ አደረገችና፣ «የእኔ እርሾ ስንዴ ቀምሷል፤ ከራስህ ዱቄት አዲስ እርሾ እጥላለሁ። አንዱን ምጣድም ፍቄ አስሼ እለይልሃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ና» አለችኝ።

እስከዚያ የታደጉኝ ጉራጌዎች ናቸው። ቆጮ ከእንሰት ነው፤ ስንዴን በዘር አያውቃትም። ክትፎ በቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ በማንኪያ። ይህን ገበታ የፈጠሩ እጆች ስለ ግሉተን ሳይሰሙ ለእኔ ቢጤ አስበው የሠሩት ይመስላል። ረቡዕ ጾም ነበርና ድንችና ሩዝ በላሁ።

ሐሙስ ማታ ሠልጣኞች ለስንብት ተሰባሰብን። ጥብሱ በእንጀራ ላይ ተገልብጦ ቀረበ። እኔ ድንቼን በሌላ ሳህን ይዤ ከዳር ተቀምጫለሁ። ከሐዋሳ የመጣች፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ታላቃችን አየችኝና ደህና አድርጋ ጠቀለለች።

«በሞቴ!»

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «እትዬ፣ ስንዴ ካለበት ያመኛል» አልኩ።

«እንጀራ እኮ ነው፤ ምን ስንዴ አለው?»

«የፈረንጅ በሽታ ነው» አለ አንድ ልጅ፤ ሳቁ።

እጇ አሁንም ፊቴ ላይ ነው። እንጀራውን ፈታች፣ ሥጋውን ብቻ በጣቷ አነሣችና እንደገና ዘረጋችልኝ። ሥጋው ግን መረቁን ከእንጀራው ጋር ተካፍሏል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ከግሉተን ነጻ የሚባለው በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ሲኖርበት ነው፤ ይህን ቁጥር ጉርሻ ለያዘ እጅ እንዴት አድርጎ ያስረዱታል? ሁለተኛው እምቢታ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እምቢ አልኩ። ራሷ ጎረሰችው፤ ወደ ሌላ ሰው ዞረችና ጨዋታ ጀመረች። ያን ማታ ዳግመኛ አላናገረችኝም።

በማግሥቱ በሻይ ሰዓት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ድፎም አትበላ?»

«አልበላም።»

«የገብስ ገንፎም? በሶም? ጠላም?»

«ምንም፣ እትዬ።»

ዝም ብላ ቆየች። «ስትቆርብስ?»

ከጥያቄ ሁሉ የፈራሁት ይህን ነው፤ ኅብስቱ ስንዴ ነውና። ከንስሐ አባቴ ጋር ጀምረን ገና እንዳልጨረስነው ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ብስኩቱን ከፊቴ አንሥታ ወደ ወዲያኛው ጠረጴዛ ወሰደችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሴትዮዋ ዘንድ ሄድኩ። ዐሥራ ሁለት እንጀራ ጋግራ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናለች። አንዱን በትኩሱ፣ ያለ ወጥ፣ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት፤ ሌላ ሊጥ የማይጋግርበትን ምጣድ ከጥግ አስደግፋው አየሁ። የድካሟን ጠየቅኳት። ዱቄቱ የራሴ ሆኖ ሳለ የጠራችው ዋጋ ርካሽ አልነበረም፤ አልተከራከርኩም። ሁለት መቶ ብር አውጥቼ ሰጠኋት።

እጇን በመቀነቷ ጠረገች፣ ኖቱን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከዚያም በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደሚገባው ብርሃን አንሥታ ደኅና አድርጋ አየችው።