ያኮረፈ ሰው ምን ይፈልጋል?

ስለ ፍቅር ስናወራ ስለ መገናኘትና ስለ መለያየት ብዙ እንላለን፤ ስለ ኩርፊያ ግን እምብዛም አናነሳም። ጭቅጭቅ ቢያንስ የሰውን ፍላጎት አውጥቶ ያሳያል። በኩርፊያ ጊዜ ግን አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ይገምታል፣ ሁለቱም በየሆዳቸው ያብሰለስላሉ።

ብዙዎቻችን ይህን እያየን ነው ያደግነው። እናትና አባት ሲኳረፉ ልጅ መልእክተኛ ይሆናል። "አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው" ትላለች እናት፣ አባት እዚያው ተቀምጦ እየሰማ። "በልቻለሁ በላት" ይላል እሱም። እንዲህ ያደገ ልጅ ሲከፋው የሚናገርበትን ቃል ከማን ይማራል?

ሜሪ አይንስዎርዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ዩጋንዳ ሄዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ቤት ለቤት እየዞረች አጥንታ ነበር። በኋላ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ አንድ ሙከራ አዘጋጀች። እናት የአንድ ዓመት ልጇን በማያውቀው ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ትታው ትወጣና ትመለሳለች። አብዛኞቹ ልጆች ስትመለስ ተጠግተዋት ይጽናናሉ። አንዳንዶቹ ግን ፊታቸውን ያዞሩባታል፣ መጫወቻቸውን ይነካካሉ፣ መሄዷም መምጣቷም ያልገደዳቸው ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 አላን ስሩፍና ኤቨሬት ዋተርስ በተመሳሳይ ሙከራ የልጆችን የልብ ምት ለክተው ውጤቱን አሳተሙ። ምንም ያልመሰላቸው ልጆች ልብም በፍጥነት ይመታ ነበር።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ገና አፉን ያልፈታ ልጅ እናቱን እየፈለጋት ፊቱን ያዞርባታል! ያኮረፈ አዋቂ ባየሁ ቁጥር ያ ልጅ ይታየኛል። ኩርፊያ ትዕቢት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብጠጋ እገፋለሁ የሚል ፍርሃት።

የኑሮ ጣጣ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። አንድ የማውቀው ሰው አለ። አከራዩ የቤት ኪራይ ጨመረበት፤ ደመወዙ ግን ያው ነው። ይህን ለሚስቱ መንገር አቃተው። ማታ ሲገባ አይናገርም፣ ልጆቹ ሲጠጉት ይነጫነጫል፣ እራቱን ሳይጨርስ ይተኛል። ሚስቱ "ሌላ ሴት ይዟል" ብላ ደመደመችና እሷም አኮረፈች። እሱ ደግሞ ኩርፊያዋን ሲያይ "ማጣቴን አውቃ ናቀችኝ" አለ። አንድ አልጋ ላይ እየተኙ እያንዳንዳቸው በሐሳባቸው ከፈጠሩት ሰው ጋር ተጣሉ። አእምሮ ያላወቀውን ነገር በሚፈራው ነገር ይሞላዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሰውየው ራሱ ተናድጃለሁ ብሎ ማመኑ ነው። የያዘው ሐፍረት መሆኑ የገባው ብዙ ቆይቶ ነው።

የሃይማኖት አባቶች ይህን የሰው ጠባይ ቀድመው ያዩት ይመስለኛል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ቁጣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዲያድር አልፈቀደም። በእስልምናም ሐዲሱ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ እንዲያኮርፍ አይፈቅድም። መቆጣት ሰዋዊ መሆኑን አውቀው ገደብ አበጁለት። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን በበኩሉ ሰው በጭቅጭቅ መሀል የልቡ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ የሚነገረውን በቅጡ መስማት እንደሚያቅተው ይናገራል፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ ዕረፍት እንዲወስድም ይመክራል። ስለዚህ ዝም ማለቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በር ዘግቶ መውጣትና "አሁን ተናድጃለሁ፣ ትንሽ ልረጋጋና ማታ እናወራለን" ብሎ መውጣት በፍጹም አንድ አይደሉም። በሁለተኛው መንገድ ግን ቤት የቀረው ሰው ቢያንስ የሚጠብቀው ሰዓት አለው።

ሁሉም ዝምታ ኩርፊያ እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። የሚደበድባት ሰው ፊት ዝም የምትል ሴት ነፍሷን እየጠበቀች ነው፤ እሷን "ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ" ማለት ጭካኔ ነው። የትዳር ጓደኛውን ለማንበርከክ ሆን ብሎ ለሳምንታት የሚዘጋም አለ፤ ያ ቅጣት ነው፣ እዚህ የማዝንለትም አይደለም።

ለሌሎቻችን ግን አንድ ጥያቄ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፦ ይህ ሰው አሁን መጥቶ ምን ቢለኝ ነው የምታረቀው? መልሱ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ያስገርማል። "ደክሞሃል አይደል?" ይሆናል። "ሳትደውይ ስትቀሪ የት ወደቀች ብዬ ፈራሁ" ይሆናል።

ያ ሰው በመጨረሻ ለሚስቱ የኪራዩን ነገር ሲነግራት "ይህንን ነበር የደበቅከኝ?" ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወረቀት አምጥተው ወጪያቸውን አንድ በአንድ ጻፉ፣ ከከተማው ወጣ ያለ ቤትም ማፈላለግ ጀመሩ። ኪራዩ አልቀነሰም። አሁንም አልፎ አልፎ ይጨቃጨቃሉ፤ የሚጨቃጨቁት ግን ስለ ኪራዩ ነው።