ስለ በላይ ዘለቀ ማንን እንጠይቅ?

ሉማሜ ያለ ተማሪ ስለ ጎጃሙ አርበኛ ስለ በላይ ዘለቀ ንግግር እንዲያቀርብ ቢታዘዝ ቀድሞ የሚከፍተው ስልኩን ነው። እዚያ የሚያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ አንዱ ከሌላው የቀዳው ጽሑፍ ነው፤ አሥር ቦታ ቢያነበውም ምስክሩ ያው አንድ ነው። እኔ የሰፈር ሽማግሌ ይቅደም ባይ ነኝ።

«ሽማግሌም እኮ ያጋንናል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የባሰም አለ። በላይ የተሰቀለው በ1937 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ከ90 አልፏል። ስለዚህ አብዛኞቹ የሚነግሩን ያዩትን ሳይሆን የሰሙትን ነው። ቢሆንም ሽማግሌን «ከማን ሰሙት አባባ?» ማለት ይቻላል። ከቢቸናና ከሞጣ የመጡ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ካሉ ደግሞ ወሬው ክብደት ያገኛል። ቀኑንና ዓመቱን ግን ከመጽሐፍ ጋር ማመሳከር ነው።

እናንተስ፣ ለመጀመሪያ ንግግራችሁ ማንን ጠየቃችሁ?